የወንድሜን ካምቢዮ ስናወርድ

ወንድሜ ያቺን መኪና ሲገዛ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ጥቁር ሰማያዊ የስፖርት መኪና ናት። ማርሿ በእጅ ነው። ቤቴ ደጃፍ አቁሞ ጥሩምባ ሲነፋ ወጥቼ አየኋት። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ፣ "ግባ ጋሼ፣ አንዴ ላዙርህ" አለኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ። ሥራ አልነበረብኝም።

በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ሲገባ የተቆጣሁትም እኔ፤ በኋላም ወደ ካልጋሪ እንዲመጣ ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። እዚህ መጥቶ በሙያው ተቀጠረ። አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የሚጎትቱትን ትንንሽ ትራክተሮች ይጠግናል። እኔም እዚያው አየር ማረፊያ በሴኪዩሪቲ እሠራለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ እየዋልን፣ የእሱ ሺፍት ከሰዓት የእኔ ጠዋት ስለሆነ የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው። አግብቶ ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ ፋልከንሪጅ በሚባል ሰፈር ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ቤት፣ ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር።

ያሳደጉት ሰው ሁልጊዜ ልጅ ይመስላል። አርባ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው፣ ጸጉሩ የሸበተውን ሰው፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማየው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የልጄን ምርቃት ምክንያት አድርገን እንግዳ ጠርተን ነበር። ምሳ ላይ አንዱ እንግዳ ስለ መኪናዋ አነሳና አደነቃት። ወንድሜ ደስ ብሎት ስለ ሞተሯ ማውራት ጀመረ። እኔም ከጠረጴዛው ራስ ሆኜ እንዲህ አልኩ፦

"ሁለት ወንበር መሆኑ ደግ ነው። ማንን ሊጭንበት!"

ቀልድ አስመስዬ ነበር የተናገርኩት። ማንም አልሳቀም። ወንድሜ ጉርሻውን ጨረሰ፣ ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ ባለቤቴን አመስግኖ ወጣ። መኪናዋን ሲያስነሳት ሰማሁ። ተከትዬው ልወጣ ይገባኝ ነበር፤ እንግዳ ትቼ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሳምንት ሳንነጋገር ቆየን። አንድ ቀን ጠዋት በእረፍት ሰዓቴ ሻይ ይዤ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። አየሁትና ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ወዲያው ደግሞ ደወለ። እስኪያቆም ጠበቅኩ። "ይቆየው" ነበር በልቤ ያልኩት። ምን እንደሚቆየው እኔም አላውቅም። ሺፍቴ አልቆ ቤት ስገባም መልሼ አልደወልኩም።

ያን ቀን ወንድሜ ለከሰዓት ሥራው አልገባም። ቀርቶ ስለማያውቅ የሥራ ባልደረባው ደጋግሞ ደወለለት፤ አላነሳም። በእረፍቱ ሄዶ በሩን አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ በኋላ በኩል ዞሮ በመስኮት አየ። ወንድሜ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ስትሮክ ነው አሉን። መድኃኒቱ ሊረዳው የሚችልበት ሰዓት አልፏል አሉን። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ከስልኩ ጥሪ ጀምሬ ሰዓቱን አሰላሁ። ስለ ስልኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም።

ንግግሩ ተረፈ። አእምሮውም፣ ትዝታውም ከዚያች ዕለት በስተቀር ተረፈ። የግራ እጁና የግራ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። ሌላም ነገር ነበር፤ መጀመሪያ ያልገባን። ምግብ ሲቀርብለት በስተቀኝ ያለውን ብቻ በልቶ "ጨረስኩ" ይላል። ሳህኑን ስናዞርለት ይደነግጥና የቀረውን ይበላል። ዓይኑ ደህና ነው፤ ጭንቅላቱ ግን በስተግራ ነገር መኖሩን ረስቷል አሉን። በልምምድ ይሻሻላል፣ ጨርሶ ይመለሳል ብለን ግን ቃል አንገባም አሉ።

ክረምቱን በሆስፒታልና በልምምድ አሳለፈ። ከዚያ ኮርነርስቶን በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ምድር ቤት የነበረችውን ትንሽ ክፍል አዘጋጅተን አመጣነው። ታውንሃውሱን ሲለቅ መኪናዋ በተጎታች መጥታ የእኔ ጋራዥ ውስጥ ገባች። የራሴ ቫን ውጭ አደረ። በጋራዡ መስኮት መኪናዋን ባየኋት ቁጥር ይከፋኝ ነበር፤ በማን ላይ እንደምከፋ ግን ለይቼ አልናገርም።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቅዳሜ፣ ቁርስ ላይ፣ ወንድሜ ኩባያውን አስቀምጦ፣

"ካምቢዮዋን ማውረድ አለብን" አለ።

"የምን ካምቢዮ?"

"የመኪናዋን፤ የማርሽ ሳጥኑን። ከመታመሜ በፊት ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ብሎ ነበር። ይጮሃል፣ ከዚያ አልገባም ይላል። ላወርደው ሐሳብ ነበረኝ።"

"ማን ነው የሚያወርደው?"

አየኝ። "አንተ" አለ። "እኔ እነግርሃለሁ።"

በሕይወቴ የመኪና ዘይት እንኳን ቀይሬ አላውቅም። ጋራዥ እንሰዳት፣ ወይም እንዳለች እንሽጣት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከታመመ ጀምሮ እሱ ራሱ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ውሃ እንኳን "አምጣልኝ" አይልም፤ ካላየንለት ጠምቶት ይቀመጣል። "እሺ" አልኩት።

መኪናዋን በአራት የብረት እግር ላይ ለማቆም ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ወንድሜ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ከፊት ጎማው አጠገብ ይቀመጣል፤ በደህናው እጁ ባትሪ ይዞ ያበራልኛል። እኔ ካርቶን አንጥፌ ከሥር እገባለሁ። ከስልኬ ላይ የከፈትኩት የጥገና መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ የሚያውቀው በልጅነቱ ጋራዥ የተማረውን ስም ነው። መጽሐፉ ክላች ሲል እሱ ፍሪሲዮን ይላል። ቤሪንግ ስለው ኩሽኔታ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እየተጯጯህን ነበር የምንሠራው።

"ክሪኩን ከፍ አድርገው።"

"የቱ ነው ክሪክ?"

"ጋሼ፣ መኪናዋን ያነሳህበት ነው!"

ብሎን መፍታት ጉልበት ይመስለኝ ነበር። አንዱን ይዤ ስታገል ወንድሜ ባትሪውን አጠፋብኝ። "ቁም" አለ። "ልትሰብረው ነው። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው። ጭቅ ሲል ስማው። ከዚያ ፍታው።" ብርሃኑን መልሶ አበራ። እንዳለኝ አደረግኩ። ጭቅ አለ፣ ተፈታ። ያኔ ነው ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደኖረ ትንሽ የገባኝ። ሥራውን አይቼለት አላውቅም ነበር። ጠይቄውም አላውቅም።

የጭስ ማውጫውን ፈታን። ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈውን ረጅም ዘንግ፣ ሲመለስ በነበረበት እንዲገባ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገን አወጣነው። የካምቢዮውን ዘይት ስናፈስ ወንድሜ ጣቱን ነክሮ አየውና "ነሐስ አለው" አለ። በእርግጥ ዘይቱ ውስጥ ወርቅ የሚመስል ብናኝ ያብረቀርቅ ነበር። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከያዙት ብሎኖች ከላይ ያሉት ሁለቱ ግን ለዓይንም ለእጅም የራቁ ናቸው። በረጅም ማስረዘሚያ፣ በዳበሳ፣ ሁለት ቅዳሜ ታገልኳቸው። አንገቴ አልዞር ብሎኝ ሥራ የገባሁበት ሰኞ ነበር።

በመጨረሻ ካምቢዮው በክሪኩ ላይ በቀበቶ ታስሮ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወጣ። ከብዶ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ሁለታችንም ጮኽን፤ ወንድሜ ሳያስበው ከወንበሩ ሊነሳ ሞክሮ ሊወድቅ ነበር። ቀስ እያልኩ አወረድኩት፣ ጎትቼም እግሩ ሥር አመጣሁለት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ብዙ ጊዜ አላነሳውም። እኔም ላቤን ጠረግኩ።

ጠረጴዛ አዘጋጀን። እኔ እየፈታሁ አቀብለዋለሁ፤ እሱ በወጣበት ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ትንንሾቹን በእርጎ ክዳን፣ በሻይ ኩባያ ሳህን እያደረገ ቦታ ቦታ ያስይዛቸዋል። ጥፋቱን ያገኘነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ማርሹ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው የነሐስ ቀለበት ጥርሱ ተበልቶ ልስልስ ብሏል። ወንድሜ አውራ ጣቱን እያሻሸበት፣ "አየህ፣ ይህ ነው ሲጮህ የነበረው" አለኝ።

ያዘዝነው አዲስ ቀለበት መጣ። ኩሽኔታውን ካምቢዮው ውስጥ ያለው አጭር ዘንግ ላይ ለማስገባት ዘንጉ መቀዝቀዝ፣ ኩሽኔታው ደግሞ መጋል ስላለበት፣ ዘንጉን ፍሪዘር ውስጥ አሳደርነው፤ ኩሽኔታውን ኦቨን ውስጥ ከተትነው። ባለቤቴ ፍሪዘሩን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ብረት ከሥጋው አጠገብ ስታገኝ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ወንድሜ "እትዬ፣ ታጥቧል" አላት። በዚያ ዓመት እሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገጠምነው። ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ወደ ቦታው መለስነው። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንድሜን ደግፌ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና እኔ መሪውን ያዝኩ። በእጅ ማርሽ ከነዳሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሁለት ጊዜ አጠፋኋት። በሦስተኛው ወጣን። አንደኛ። ሁለተኛ ስከት ድምፅም አልሰማንም፤ ቅቤ ላይ እንደገባ ቢላ ሆነ። ወንድሜ እፎይ አለ። ነዳጁን ስለቀው ግን ማርሹ ቀጭ ብሎ ራሱን አወጣ። እንደገና ከተትኩት። እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ወንድሜ፣

"ተመለስ" አለ።

ጋራዥ ገብተን ሞተሩን አጠፋሁ። እሱ ከመኪናው ሳይወርድ ወደ ፊት እያየ፣ "አንዲት ነገር ቀርታለች" አለ። "ሽምብራ የምታክል የብረት ኳስ፣ ከኋላዋ ትንሽ ስፕሪንግ ያላት። ማርሹ ከገባበት እንዳይንሸራተት የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። እስቲ እያት።"

ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። መፈለግ አላስፈለገኝም። በእርጎ ክዳን ውስጥ ኳሷም ስፕሪንጓም ቁጭ ብለዋል። የሸፈናቸው ነገር የለም። ከጠረጴዛው በስተግራ ጫፍ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ፊት ለፊቱ ሲያየው በዋለው ጠረጴዛ ላይ፣ በግልጽ ተቀምጠዋል። እኔም አላየኋቸውም ልል አልችልም። ክዳኑን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እሱ ያውቃል ብዬ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር።

ኳሷን ኪሴ ከተትኳት።

"አገኘሃት?"

"አዎ። መሬት ወድቃ ነበር። እኔ ነኝ የጣልኳት መሰለኝ።"

ቀስ ብሎ፣ "ክዳኑስ?" አለ።

"የምን ክዳን?"

"የእርጎ ክዳን። ክዳን ውስጥ ነው ያኖርኳት። ከነክዳኑ ነው የወደቀችው?"

ኪሴ ውስጥ ኳሷን ጨበጥኳት።

"ጋሼ። የት ነበረች?"

"ጠረጴዛው ላይ።"

"በየት በኩል?"

እስካሁን የሠራኋቸውን ስህተቶች ሁሉ ልነግረው ዝግጁ ነበርኩ፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለችኝ። እሱ ጠበቀኝ።

"በግራ" አልኩት።

ወንድሜ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። "እኔ" አለ፣ "ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ዳዶ አስቀርቼ መኪና ዘግቼ አላውቅም።" ድምፁ አልተለወጠም። እንባው ግን ወረደ፤ በቀኝ እጁ አልጠረገውም፣ ተወው።

የዚያን ጊዜ ነው በረዶው የጀመረው። በዚህ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ የኖረ ሰው የሐምሌን በረዶ ያውቀዋል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ብሎ የጋራዡን በር አንኳኳ፤ ከዚያ ሰማይ የተቀደደ መሰለ። እንቁላል የሚያክለው በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮ ላይ ቢጮኹ አይሰማም። ውጭ የቆመው ቫኔ ሲቀጠቀጥ በጎን በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ይታየኛል። ቆሜ አየሁት። ወንድሜ መኪናው ውስጥ፣ እኔ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ዝናቡና በረዶው እስኪያባራ ቆየን።

ሲያቆም ጸጥታው ከበረዶው ይልቅ አስፈራኝ።

"ሌላስ" አለ ወንድሜ፣ "የደበቅከኝ ነገር አለ?"

"አለ።"

ሄጄ በተከፈተው የመኪናዋ በር በኩል፣ አጠገቡ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። "የታመምክ ዕለት ደውለህልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። አይቼዋለሁ። ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አላነሳሁትም።"

"አውቃለሁ" አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

"ሆስፒታል ስልኬን ስትሰጡኝ አየሁት። ሁለት ጊዜ ወደ አንተ። መልስ የለም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንተስ?"

በመልስ ፈንታ፣ "ለምን ነበር የደወልከው?" አልኩት። ወራት ሙሉ ሌሊትና ቀን ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሲደውል ወድቆ ነበር ወይስ ገና ሳይወድቅ?

"አላስታውስም" አለ። "ያ ቀን የለኝም። ጠዋት ጫማዬን ሳስር አስታውሳለሁ፣ ከዚያ ሆስፒታል ነኝ። ካምቢዮዋን አብረኸኝ እንድታወርድ ልለምንህ ይሆናል። ልሰድብህም ይሆናል፤ ተናድጄብህ ነበር። ወድቄም ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ ጋሼ። አላውቀውም።"

"ባነሳው ኖሮ..."

"እሱንም አላውቅም።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት አልሞከርኩም፤ ሰውን በተቀመጠበት ይቅርታ ማስገደድ ይሆንብኛል። ስለ ወንበሩ የተናገርኩትን ግን አነሳሁት። በሰው ፊት እንዳዋረድኩት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን እንደረገምኩ ነገርኩት።

"እውነትህን ነበር እኮ" አለ። "የምጭነው ሰው አልነበረኝም። ለዚህ ነው አንተን ላዙርህ ያልኩህ።"

በጋራዡ በር ሥር የቀለጠ በረዶ ውሃ እየገባ ነበር። ተነስቼ በመጥረጊያ ገፋሁት። ስመለስ ወንድሜ ፊቱን ጠርጎ፣ "እንደገና ማውረድ አለብን" አለ።

አወረድነው። አሁን የትኛው ብሎን የት እንዳለ እጄ ስለሚያውቅ ሦስት ወር የፈጀው ሥራ በሁለት ቅዳሜ አለቀ። ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የልምምድ ባለሙያዋ ሲበላ በሳህኑ ግራ ቀይ ነገር አድርጉለት፣ ቀዩ እስኪታየው ይፈልግ ብላን ነበር። በጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቴፕ ለጠፍኩ። ሥራ ስንጀምር ወንድሜ ቀዩን አይቶ፣ "እኔ እስክጨርስ አትንገረኝ" አለኝ። በየዕቃው ጭንቅላቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ትንሽ ያዞራል። አንዳንዴ ቀዩን ሳያገኝ "አለቀ" ሊል ይልና ራሱ ይመለሳል። ከጎኑ ቆሞ ዝም ማለት ከብሎኖቹ ሁሉ የከበደኝ ሥራ ነበር። ኳሷን ግን ራሱ አገኛት። ራሱ አነሳት። ቦታዋ ላይ ያስገባትም እሱ ነው፤ በአንድ እጁ፣ በቅባት አጣብቆ፣ እኔ መያዣውን ብቻ ይዤለት።

በነሐሴ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ወዳሉት መጋዘኖች ወሰድኩት። እሑድ ስለሆነ ሰፊው ፓርኪንግ ባዶ ነበር። አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ከላያችን ያልፋሉ። መኪናዋን አቁሜ የወንድሜን ግራ እጅ አነሳሁና ማርሹ ላይ አደረግኩለት፤ የራሴን ከላይ ደረብኩበት።

"አይሰማኝም" አለ። "አንሳው።"

አነሳሁት። አፈርኩ። እሱ ግን ቀበቶውን አላልቶ ወገቡን አዞረና ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ማርሹን ራሱ ያዘ። አያያዙ የማይመች ነበር፤ ትከሻው ተጠምዟል።

"ርገጥ" አለኝ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። አንደኛን ከተተ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ ሄድን።

"ርገጥ።"

"ረገጥኩ።"

ሁለተኛን ከተተ። ነዳጁን ለቀቅኩት። መኪናዋ ሞተሯን እያስጮኸች ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ማርሹ ከቦታው አልተነቃነቀም። ወንድሜ እጁን ሳያነሳ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል።

"ሦስተኛ" አለ። "ርገጥ።"

እንዲህ እየተባባልን ያን ፓርኪንግ ስንት ጊዜ እንደዞርነው አላውቅም። ትከሻው ሲደክመው ማርሹን ለእኔ ለቀቀና ጣሪያውን እንድከፍተው ጠየቀኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ቀኑ ሲቀዘቅዝ፣ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት፣ "እንሽጣት" አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ክረምቱን ጋራዥ ትቆይ፣ ሲሻልህ ለአካል ጉዳተኛ ተስተካክሎ የሚሠራ አለ፣ እያልኩ ምክንያት ደረደርኩ። ወንድሜ እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ጋሼ፣ ተሠርታለች እኮ። የተሠራ መኪና አይቆምም" አለኝ። የገዛቻት አንዲት ነርስ ናት። ወንድሜ ገና ሳትጠይቀው ካምቢዮዋ ሁለት ጊዜ መውረዱንና ለምን እንደወረደ ነገራት፤ ኳሷ በማን ስህተት እንደቀረች ጭምር። ሴትዮዋ አዳመጠችው፣ ከዚያ እኔን ሳይሆን እሱን ስለ ዘይቱ ጠየቀችው። ስትሄድ ደጃፍ ቆመን ሰማናት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ሦስተኛ። "በደንብ ትነዳለች" አለ ወንድሜ። እግሬን ቀዘቀዘኝ ብሎ ገባ።

የገና በዓል ሲደርስ፣ በራሱ አፈላልጎ፣ ፋልከንሪጅ አጠገብ ደረጃ የሌለው አፓርትመንት አገኘ። ብቻውን እንዳይሆን ፈርቼ ተከራከርኩት፤ ባለቤቴ "ተወው፣ አዋቂ ነው" ስትለኝ ተውኩት። ዕቃውን በጫንን ቀን ልብሱንና አልጋውን ቫን ውስጥ አስገብቼ ስመለስ፣ ወንድሜ ጋራዡ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የመሣሪያ ሳጥኑን መሳቢያዎች ሁሉ ከፍቶ አገኘሁት። እያንዳንዱን ቁልፍ ያነሳል፣ በቀኝ እጁ ብቻ ይዞ ያዞረዋል፣ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ወይ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል ወይ ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል። ምን እያደረገ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። በአንድ እጅ የሚሠሩትን እየለየ ነበር።

ልረዳው አልሄድኩም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ጭኑ ላይ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ትንሽ መዶሻና ሦስት ቁልፎች ነበሩ። በጨርቅ ጠቀለላቸውና ሰጠኝ።

"የቀሩት አንተ ጋ ይሁኑ" አለ። "እያፀዳህ አስቀምጣቸው።"